በስቴፋ ስም የሚመጣው ቢል

ኖቬምበር 2

በረዶ ጣለ። ዘንድሮ ዘግይቷል። ጠዋት የበሩን መግቢያ ጠረግኩ፣ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም። መኪናዋንም ሞተሯ በብርድ እንዳይጋግር ማሞቂያዋን ሶኬት ላይ ሰካሁ። ክረምቱ ገባ ማለት ነው።

ከሰዓት ፖስታ ቤት። ሳጥኑ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ፣ የገበሬዎች ጋዜጣ፣ የጋዝና የመብራት ቢል። ቢሉ እንደ ወትሮው የተላከው ለእሷ ነው። «ለወይዘሮ ስቴፋኒያ ፓላማሪክ»። ሚስቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ባንኩ ያውቃል። ጡረታው ያውቃል። ቤተ መጻሕፍቱ እንኳ ካርዷን ሰርዟል። ያልሰሙት እነዚህ ብቻ ናቸው... እኔም አልነገርኳቸውም። ምን ቸገረኝ? በየወሩ እከፍላለሁ፣ በየወሩ ስሟ ይመጣል።

እራት ላይ ልጄ ላሪሳ ከካልጋሪ ከተማ ደወለች።

«አባዬ፣ ያ ነገር ምን ደረሰ?»

«የቱ ነገር?»

«ቋሚ ዋጋው ነዋ! ባለፈው ጃንዋሪ የመጣብህን ረሳኸው? ዋጋው በየወሩ እንዳይዋዥቅብህ ጋዙንም መብራቱንም ባንድ ውል እሰርና ተገላገል። የአንድ ዓመት ይበቃሃል።»

«ለምን የአንድ ዓመት?»

«ለጊዜው ነዋ» አለች። ገባኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ካልጋሪ ወስዳ ምድር ቤቷ ውስጥ ልታስቀምጠኝ ነው። የዚያ ክፍል መስኮት ከመሬት እኩል ነው። የአላፊ አግዳሚውን ጫማ እያየሁ ልኖር?

«አስብበታለሁ» አልኳት። ለነገሩ አላሰብኩበትም።


ኖቬምበር 4

አሰብኩበት። ላሪሳ «የዓመቱን ፍጆታ ሳታውቅ ዋጋ ማወዳደር አትችልም» ስላለችኝ የስቴፋን የብስኩት ቆርቆሮ አወረድኩ። ቢሎቹን ሁሉ በዓመት በዓመት በላስቲክ አስራለች። ከሞተች ወዲህ ያሉት የኔዎቹ... እንዲሁ ተጠቅጥቀዋል።

ከሥር የመጀመሪያው ውል ተገኘ። ወረቀቱ እንደ ሻይ ቀልሟል። ከተጋባን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር፣ መንደሩ ውስጥ ጋዝ የገባ ጊዜ። እኔ አባቴ እርሻ ላይ ስንዴ እያጨድኩ ነው። የጋዝ ኩባንያው ሰው በር አንኳኳ፣ ስቴፋ ከፈተች፣ «ባለቤትሽ ይፈርም» ሲላት «ባለቤቴ አፈር ለብሶ እስኪመጣ ስንት ቀን ልበርድ?» ብላ ራሷ ፈረመች። ማታ ስመለስ ቤቱ ሞቋል። ወለሉ ላይ ካለችው የሙቀት መውጫ ብረት ላይ ቆማለች፣ ከሥር በሚነፍሰው ሙቅ አየር ቀሚሷ እንደ ድንኳን ተነፍቷል። «ና፣ ና ቁምበት!» አለችኝ። ቆምኩበት። ሁለታችን በዚያች ትንሽዬ ብረት ላይ ተቃቅፈን...

ልጅ ሆና አልጋዋ አጠገብ ያለው የውሃ ባልዲ ሌሊት በረዶ ሆኖ ያድር ነበር። «በገዛ ቤቴ አልበርድም» ብላ የማለች ሴት ናት።

ቢሎቹን ሳላወዳድር ቆርቆሮውን ዘጋሁት።


ኖቬምበር 6

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ለገና ሽያጭ የሚሆን ፒሮሂ ሥራ፣ ድንች በሊጥ ተሞልቶ የሚቀቀለው ምግባችን። ሴቶቹ ሊጡን ቆርጠው፣ ሞልተው፣ ጠርዙን በጣት ቆንጥጠው ይዘጋሉ። እኛ ወንዶች ድንች እንልጣለን። መቆንጠጥ አይፈቀድልንም። አንድ ጊዜ ሞክሬ ፐርል የሠራኋቸውን አሥራ ሁለቱንም መልሳ አፈረሰችብኝ። ፐርል ጎረቤቴ ናት፣ የስቴፋ የልብ ጓደኛ። ባሏን የቀበረችው እኔ ስቴፋን ከመቅበሬ በፊት ነው።

ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ የቋሚውን ዋጋ ነገር አነሳሁ። ጉድ ፈላ።

አጠገቤ ድንች የሚልጠው ኤልመር ቢላዋውን ወደ ላይ አነሳ። «እንዳታደርገው! እኔ በቋሚ ዋጋ አምስት ዓመት አስሬ፣ በወሩ የሰዉ ዋጋ አልወረደም? አምስት ዓመት ሙሉ ጎረቤቶቼን በጎሪጥ እያየሁ ኖርኩ!»

«አንተ መቼ ነው በቀጥታ አይተኸን የምታውቀው?» አለች ፐርል ከወዲያ ጠረጴዛ።

«ዋጋው ሲሰቀልስ?» አልኩት።

«ሲሰቀል አብረን እንሰቀላለና! ብቻዬን መቃጠሌ ነው እኔን ያንገበገበኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ሲሸኙኝ ፐርል ጠጋ ብላ «ኔስቶር፣ ውሉን ለመቀየር እኮ የቢሉ ባለቤት ነው የሚፈርመው። አንተ ነህ አይደል?» አለችኝ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል?» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።


ኖቬምበር 7

ደወልኩ። የጋዝና የመብራት ኩባንያው ሰው እስኪያነሳ የምትገርም ሙዚቃ ሃያ ደቂቃ አሰሙኝ። ከዚያ አንድ ወጣት ወንድ።

«ውሉ በወይዘሮ ስቴፋኒያ ስም ነው። ከእሳቸው ጋር መነጋገር እችላለሁ?»

ቀላል ነበር መልሱ። ሁለት ቃል ነው። አፌ ላይ መጥቶ...

«ወጣ ብላለች» አልኩት።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

«ችግር የለም፣ ሲመለሱ ይደውሉልን።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ሳልዋሽ የዋሸሁ ይመስለኛል። ወጣ ብላለች... እንዴት ያለ ነገር ነው ያልኩት?

ነገሩ ይኸው ነው እንግዲህ። ቋሚ ዋጋ ከፈለግኩ መሞቷን መናገር አለብኝ። ከተናገርኩ ስሟ ይጠፋል። ካልተናገርኩ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ዋጋው እንዳሻው ያንገላታኛል፣ ላሪሳም «ያንን ቤት አልቻልከውም» ብላ ሻንጣዬን ታስራለች። ፖስታው ላይ ካለው በቀር ስሟ አሁን የት አለ? መቃብሩ ላይ። እዚያ ደግሞ በረዶ አልብሶታል።


ኖቬምበር 12

ዛሬ የሠራሁትን ለማንም አልናገርም። ለዚህ ደብተር ብቻ።

ፐርልን ለመንኳት። እውነቱን ነገርኳትና «አንቺ ስቴፋን ሆነሽ ደውይልኝ» አልኳት። መጀመሪያ ሰደበችኝ። ቀጥላ ካፖርቷን ለብሳ መጣች።

ታች፣ ምድር ቤት ኩሽና ተቀመጥን። ላይኛው ኩሽና ለእንግዳ ነው፣ ስቴፋ አርባ ዓመት እዚህ ታች ነው ያበሰለችው። ፐርል ገና ከመቀመጧ አንገቷን ማራገብ ጀመረች። «ምነው ቤትህ እንዲህ ይፋጃል? ዳቦ ልትጋግር ነው?»

«ጀምሪ በቃ» አልኳት። ወረቀት ላይ ሁሉንም ጽፌላታለሁ፤ ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን። ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ አድርገን ደወልን።

«ስምዎን ይንገሩኝ?»

«ስቴፋኒያ ፓላማሪክ።»

ስሟን በዚያ ኩሽና ውስጥ የሴት ድምፅ ሲጠራው... ወደ ደረጃው ዞር አልኩ።

«የትውልድ ቀንዎ?»

«ጃንዋሪ ሰባት።» ዓመቱንም ጨመረች።

«ይቅርታ፣ እኛ ጋ ካለው ጋር አይገጥምም።»

ፐርል ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። «እንዴት አይገጥምም? እኔ ስወለድ አንተ ነበርክ?»

«እንደገና ይሞክሩ፣ እመቤቴ።»

«ሴት ልጅ ዕድሜዋ አይጠየቅም፣ እናትህ አላስተማረችህም?»

ሰውየው በትሕትና ውሉ ላይ ለጊዜው ምንም ለውጥ እንደማያደርግና መታወቂያ በፖስታ መላክ እንዳለብን ነገረን። እንደዘጋ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ፐርል ጠረጴዛውን እየደበደበች እንባዋ ፈሰሰ። ከዚያ ድንገት ቀጥ አለች።

«ኔስቶር... የልደት ወረቀቷ ላይ እኮ ዲሴምበር 25 ነው!»

ውይ። ውይ፣ ውይ! አባቷ ሊያስመዘግባት የሄደ ጊዜ ቀኑን የነገራቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አሮጌ አቆጣጠር ነው። በዚያ ዲሴምበር 25 ናት፣ በሰዉ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7። እዚህ አገር ያሉ የኛ አሮጊቶች ግማሾቹ እንደዚያ ናቸው። ስቴፋ በየዓመቱ ኬኩን ስንቆርስ «ለመንግሥት አሥራ ሦስት ቀን አሮጊት ነኝ፣ ለአንተ ገና ልጅ ነኝ» ትል ነበር። በየዓመቱ! ሃምሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እንዴት ጠፋብኝ?

«ፖስታውን ታቅፈህ ሴትየዋን ረሳሃታ!» አለች ፐርል።

ለቀልድ ነው ያለችው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ተቆጣሁ። «ደህና ዋይ» አልኳት። ካፖርቷን እንኳ አላቀበልኳትም።


ኖቬምበር 13

ሌላ ምን ረስቻለሁ?


ኖቬምበር 19

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። የማሞቂያው ምድጃ እረፍት የለውም፣ ከታች ሲጮህ ይውላል። ላሪሳ የዓመቱን ፍጆታ በስልክ አስነበበችኝ። ቁጥር በቁጥር አነበብኩላት፣ እሷ እዚያ ትደምራለች።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር ትክክል አይደለም።»

«ምኑ?»

«እማዬ በነበረችበት ጊዜ ከምታቃጥሉት አልቀነስክም። ብቻህን ሆነህ? መስኮት ከፍተህ ነው የምትውለው?»

«ብርዱ ነዋ።»

«ብርዱ ድሮም ነበረ!»

አልነገርኳትም። እዚህ ግን ልጻፈው። ግድግዳው ላይ ያለችው የሙቀት መቆጣጠሪያ ሃያ ሁለት ዲግሪ ላይ ናት። ሃያ ሁለት የስቴፋ ናት። የኔ አሥራ ዘጠኝ ነበረች። ሃምሳ ዓመት በዚያች ነገር ስንጨቃጨቅ ኖርን። እኔ ሳልፍ ዝቅ አደርጋታለሁ፣ እሷ ስታልፍ ከፍ። ጣቷ የነካው ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጧል። «ሹራብ ልበሺ!» እላታለሁ ከሳሎን። «አንተ ሹራብህን አውልቅ!» ትለኛለች ከኩሽና። ሌላ ፀብ አልነበረንም ብል እግዚአብሔር ይታዘበኛል፣ ግን እንደዚያኛው የጣመን የለም።

ከቀብሯ ተመልሼ ቤት ስገባ ሃያ ሁለት ላይ ነበረች። እጄን አንስቼ... ዝቅ ማድረግ አቃተኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልነካኋትም። በካናቴራ ነው ቤት ውስጥ የምውለው። በአልበርታ ክረምት፣ በካናቴራ!

ናፈቀችኝ። ሌላ ምን ልጻፍ?


ኖቬምበር 21

ለፐርል አንድ ማሰሮ የተቀመመ ቀይ ሥር ይዤላት ሄድኩ። በሩን ከፍታ ማሰሮውን አየች።

«አንተ የሠራኸው ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይቅርታ ልትጠይቅ መጥተህ ልትገድለኝ?»

ታረቅን። ስወጣ እንዲህ አለችኝ፤ «የኔ ሰውዬ ስም ከስልክ ደብተሩ ሲወጣ ሁለት ቀን አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን የሚደውልለት ዕቃ ሻጭ ሁሉ ቀረ። እፎይ አልኩ።»


ኖቬምበር 25

ጠዋት ተላጨሁ። ለስልክ ማን ይላጫል? እኔ።

ዛሬ ስልኩን ያነሳችው ሴት ልጅ ናት። ጃስፕሪት እባላለሁ አለች። እንዳላፈገፍግ ብዬ ገና «እንዴት ልርዳዎት» ሳትል ተናገርኩት።

«ውሉ በባለቤቴ ስም ነው። ባለቤቴ ሞታለች። ሦስት ዓመት ሆናት። ሳልነግራችሁ የቀረሁት እኔ ነኝ። በዚህ ወር በእሷ ስም የደወለችውም ጎረቤቴ ናት፣ እሷን ያስገደድኳት እኔ ነኝ።»

ፖሊስ ልትጠራ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ነፍሳቸውን ይማር፣ አባት» አለችኝ። ከዚያ ያለፈውን ጥሪ ማስታወሻ እያነበበች መሰለኝ፣ «የትውልድ ቀናቸው ነው ያልገጠመው?»

የሁለቱን አቆጣጠር ነገር አስረዳኋት። ሳቀች፣ ደስ በሚል ሳቅ። «የኔም አያት ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለዱት። መንደራቸው ቀን የሚመዘግብ አልነበረም። እኛ ግን ማንጎ በሚበስልበት ወር ነው የምናከብርላቸው።»

ልጅቷን ወደድኳት። ጋዙም መብራቱም ባንድ ላይ፣ አንድ ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት... ዋጋዎቹን እየደጋገመች ነገረችኝ። አልቸኮለችም። ሲረዝም ትንሽ ይወደዳል፣ ግን አይነቃነቅም።

«አምስቱን ስጪኝ።»

«አምስት ዓመት? በመሀል ቤት ቢቀይሩስ? ወደ አዲሱ ቤትዎ ሊያዛውሩት ይችላሉ።»

«ልጄ፣ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚህ የምሄድበት ቤት ጋዝ አያስፈልገውም።»

መሳቅ እንዳለባት አላወቀችም፣ ምስኪን። ከዚያ የሚነበበውን አነበበች። «በስቴፋኒያ ፓላማሪክ ስም ያለው ውል ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል። በኔስቶር ፓላማሪክ ስም አዲስ ይከፈታል። ይስማማሉ?»

«ትንሽ ጠብቂኝ።»

ጠበቀችኝ። የወለሉን የሙቀት መውጫ እያየሁ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

«እሺ» አልኳት።

ሐሳቤን ከቀየርኩ መሰረዣ አሥር ቀን አለኝ አለች። ሕጉ ነው።


ኖቬምበር 29

አራተኛ ቀን። ኤልመር ፖስታ ቤት አገኘኝ። «አሰርክ አሉ። አምስት ዓመት! በል እንግዲህ ዋጋው ሲወርድ እኔ ጋ መጥተህ አልቅስ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ይሄ ሰው ደስ ብሎታል።


ዲሴምበር 4

ዘጠነኛ ቀን። ሰረዝኩት ማለት ነው... ማለቴ ልሰርዘው ነበር።

ጠዋት ቆርቆሮውን ስከፍት የፈረመችበት ወረቀት ላይ ስሟ በእጅ ጽሑፏ፣ ያ የተጣመመ «ስ»ዋ። አላስቻለኝም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ስሟ የቀረበትን የመጨረሻውን ቦታ ለጥቂት ዶላር አሳልፌ የሰጠሁ! ስልኩን አነሳሁ፣ ደወልኩ። ያች ሙዚቃ ጀመረች። ቆሜ እጠብቃለሁ።

ከሥር ምድጃው ተነሳ። ሙቀቱ በወለሉ መውጫ ወጥቶ በሱሪዬ እግር ሽቅብ ገባ። የቆምኩት እዚያችው ብረት ላይ ነው፣ ሳላስበው። እሷ ቆማ የነበረበት።

ስቴፋ ያን ወረቀት የፈረመችው ስሟ እንዲጻፍ አልነበረም። እንዲሞቃት ነበር! ስሟ ምን ጉዳይዋ? አፈር ለብሼ እስክመጣ መጠበቅ ሰልችቷት እኮ ነው።

ስልኩን ዘጋሁ። እዚያው ብረት ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ጮክ ብዬ። ማን ይሰማኛል?


ዲሴምበር 6

አሥሩ ቀን አለፈ።


ዲሴምበር 25

ዛሬ ስቴፋ ለመንግሥት አሥራ ሦስት ቀን ቀድማ አረጀች። አልረሳሁትም።


ጃንዋሪ 6

የገና ዋዜማ። ላሪሳ ከሰዓት ደረሰች፣ ፐርልም መጣች። አሥራ ሁለቱ የጾም ምግቦች... እሺ፣ ዘጠኝ ሆነዋል። ስንዴውን በማርና በፓፒ ፍሬ እኔ ራሴ ታች ባለው ምድጃ ላይ ቀቀልኩት፤ ትንሽ አርሮብኛል። የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትወጣ ተቀመጥን። አራት ሳህን፣ ሦስት ሰው። አራተኛው ለሞቱት የሚቀመጠው ነው፣ እንደ ሁልጊዜው።

ላሪሳ ስትመጣ በፖስታ ቤት አልፋ ነበር። ከእራት በኋላ ሁለት ፖስታ ይዛ መጣች። ፊቷ ልክ አይደለም።

«አባዬ... ይሄ ለእማዬ የመጣ ነው።»

«ክፈቺው።»

ከፈተችው። የመጨረሻ ቢል። ቀሪ ዕዳ፦ ምንም። ውሉ ተዘግቷል።

«እስካሁን በእሷ ስም ነበር?»

«ነበር።»

ሁለተኛው የኔ ነው። የመጀመሪያዬ። እሱንም አነበበችው፣ ስታነብ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። «አምስት ዓመት?!»

«አምስት ዓመት።»

ፐርል ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ፈገግ ስትል አየኋት። ላሪሳ ስለ ካልጋሪ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሹራቧን አወለቀች፣ «ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሞቀው» እያለች ወደ መተላለፊያው ሄደች። መቆጣጠሪያዋ ፊት ቆመች። ሃያ ሁለትን አየች። የተላጠውን ቀለም በጣቷ ነካችው። ለረጅም ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። የእናቷን ፖስታ አጣጥፋ ከባዶው ሳህን ሥር አስቀመጠችው።


ጃንዋሪ 7

ልደቷ። ገናም ነው።

ጠዋት በላብ ነቃሁ። ላብ! ወደ መተላለፊያው ወጥቼ ባይ መቆጣጠሪያዋ ሃያ አራት ላይ ናት። ሃያ አራት! ስቴፋ እንኳ ደፍራው አታውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ የማንም እጅ ያልነካት ነገር... እኔም ያልነካኋት።

«ማነው ይሄን የነካው?» ብዬ ጮህኩ።

«ብርድ ነው!» አለች ላሪሳ ከታች ኩሽና።

«ሹራብ ልበሺ!»

«አንተ ሹራብህን አውልቅ!»

እናቷን ሰማሁ። ቃሉ ብቻ አይደለም፣ አጠራሩ፣ ያ መጨረሻ ላይ ሽቅብ የሚሄደው ድምፅ...

ከዚያ እጄን አነሳሁና ወደ አሥራ ዘጠኝ ዝቅ አደረግኳት። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። መጥቼ እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ደብተሬን ከፈትኩ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው።

ደረጃው ላይ እየወጣች ነው። ይሰማኛል።